ለዓባይ ስላበደርነው ገንዘብ

አደራ የሚባል ነገር በሀገራችን ሰው ዘንድ ከገንዘብ ሁሉ የከበረ ነው። ገንዘብ የጠፋ እንደ ሆነ በላብ ይተካል፤ አደራ የጠፋ እንደ ሆነ ግን አብሮ የሚጠፋው ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት ነውና፣ እርሱን መልሶ ለማግኘት አንድ ትውልድ አይበቃም። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉትም ስለዚህ ነው። በዚህ ወር በቤት አስተዳደር ዓምዳችን ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ለታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተብሎ የተገዛው የመንግሥት የቁጠባ ቦንድ ጊዜው ሲደርስ እንዴት ወደ ገንዘብ እንደሚመለስ፣ በወለዱም ላይ ስለሚጠየቀው ግብር ነው።

የምዕራብ ጎጃም ሰው ለዓባይ አደራ መስጠትን የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰሜን ሲሄዱ በሰከላ ወረዳ የምትገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። በአበው ትውፊት እንደሚነገረው፣ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ወደ እስራት በተወሰዱ ጊዜ መጻሕፍቶቻቸውን ለዚያች ምንጭ አደራ ሰጥተዋት ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ከእስራት ተፈትተው ሲመለሱ አደራቸውን ጠየቁ፤ ውኃውም መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትጠፋባቸው፣ አንዲት ቅጠልም ሳትርስባቸው መለሰላቸው። ስለዚህ በእኛ አገር ዓባይ የተቀበለውን የሚመልስ ተብሎ ይታወቃል። እንግዲህ ቦንድ የገዛው ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዓባይ ተብሎ የተሰጠው ወረቀት ጊዜው ሲደርስ እንዲመለስለት ነው።

ነገሩን ከመነሻው እናስታውስ። ከግሽ የሚነሣው ውኃ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ፣ ወደ ሱዳን ከመውጣቱ በፊት ጉባ ይደርሳል። በዚያ ስፍራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የግድቡን የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ከውጭ መንግሥታት ብድር ስላልተገኘ፣ ሥራው በሀገር ገንዘብ እንዲፈጸም ተወሰነ። ግምቱ በዚያን ጊዜ 80 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛውም፣ መምህሩም፣ የጤና ረዳቱም የአንድ ወር ደመወዙን በ12 ወር ከፋፍሎ ለቦንድ ከፈለ። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋዴ ከሱቁ፣ ገበሬውም ከበርበሬውና ከበቆሎው ሽያጭ ጨምሮ ገዛ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እየተባለ ሲተረትበት የኖረው ወንዝ ማደሪያ የተሠራለት እንዲህ ባለው ገንዘብ ጭምር ነው። የመጀመሪያው ኃይል የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. መነጨ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨትም የተሠራ ነው። ሕዝቡ በቦንድና በስጦታ ያዋጣው ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተገልጿል።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀቱን ማየት ጀምሯል። ከቡሬ ገጠር አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት በልጃቸው እጅ አስጽፈው ጥያቄ ልከውልናል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በ2004 ዓ.ም. የ1,000 ብር ቦንድ ገዝተው ኖሯል፤ ወረቀቱም ከዳዊታቸው ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። እኒህ እናት የሚጠይቁት አራት ነገር ነው። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አለን? ወለዱን መቀበል ከአራጣ ይቆጠር ይሆን? ጎረቤት እንደሚለው ግብር ተብሎ ሁሉም ይወሰድ ይሆን? ደግሞስ ለሀገር የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር አይሆንምን? ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለምና በየተራው እንመልከተው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባን በእጃችን ያለው ወረቀት ምን እንደ ሆነ ነው። በዚያ ዘመን ለግድቡ ገንዘብ የተሰጠው በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ስጦታ ነው፤ በስልክ ወደ 8100 አጭር መልእክት እየላኩ የተሰጠው፣ በየስብሰባውም ተዋጥቶ የስጦታ ደረሰኝ የተቈረጠበት ሁሉ የማይመለስ ነው። የሰጠው ሰው በረከቱን ይቀበላል እንጂ ገንዘቡን አይጠይቅም። ሁለተኛው ቦንድ ነው። ቦንድ ማለት ብድር ማለት ነው፤ አበዳሪው ሕዝቡ፣ ተበዳሪው የመንግሥት ወገን ነው። የሀገር ውስጡን ቦንድ ያወጣው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክና በብድርና ቁጠባ ተቋማትም በኩል ተሽጧል። በወረቀቱ ላይ የገዢው ስም፣ የገንዘቡ ልክ፣ የተገዛበት ቀንና የሚከፈልበት ጊዜ፣ የወለዱም መጠን ይገኛል። ስለዚህ አባወራ ሆነ እመቤት ወረቀቱን አውጥቶ በቀን ብርሃን ያንብብ፤ ማንበብ የማይችልም የሚማር ልጁን ያስነብብ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት ለእንደዚህ ያለው ቀን ጭምር ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ገንዘቡ አለ ወይ? የሚለው ነው። አለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት በተለወጠ ጊዜ አሮጌውን ኖት በእንስራና በከረጢት የሸሸገ ሰው በ3 ወር ውስጥ ባይለውጠው ኖሮ ወረቀት ሆኖ ይቀርበት ነበር። ቦንድ ግን የብር ኖት አይደለም፤ የዕዳ ጽሑፍ ነው። ኖቱ በተለወጠ ጊዜ ዕዳው አልተለወጠም፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ብር በአዲሱ ኖት መቀበል የባለቤቱ መብት ነው። እንደዚሁም ወረቀቱን የሸጠው ተቋም ስሙን ቢለውጥ ዕዳው አይጠፋም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗልና፣ የቀድሞውን ስም የያዘ ደረሰኝ ያላችሁ ሰዎች ስለ ስሙ አትደንግጡ።

የገዛው ሰው የሞተ እንደ ሆነ ግን ባንኩ ወረቀቱን ስላመጣለት ብቻ ገንዘቡን ለማንም አይሰጥም፤ መስጠትም አይገባውም። ወራሾቹ አስቀድመው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። ይህም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተደነገገ ሥርዓት ነው። ለዚህ ሟቹ መሞቱን የሚያስረዳ ማስረጃ፣ ባልና ሚስት መሆናቸውን ወይም ልጅነትን የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ የሚያውቁ ምስክሮችም ያስፈልጋሉ። ከልጆች አንዱ ብቻውን ሄዶ ለራሱ አስወስኖ የመጣ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የወንድማማች ጠብ ከ1,000 ብር ይልቅ ብዙ ያስከፍላልና፣ ወራሾች ሁሉ ተነጋግረው በአንድነት ቢያመለክቱ መልካም ነው። ሚስትም የራሷ ድርሻ አላት፤ በትዳር ሳሉ ከጋራ ሀብት የተገዛው ቦንድ በባል ስም ስለ ተጻፈ ብቻ የባል ብቻ አይሆንም።

ወረቀቱ የጠፋበትም ሰው ተስፋ አይቍረጥ። ለፖሊስ አስመዝግቦ፣ የገዛበትን ቦታና ዘመን፣ የሚያስታውሰውንም ቍጥር ይዞ ወደ ሸጠለት ባንክ ያመልክት። በደመወዝ የገዛ እንደ ሆነ የመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መዝገብ ይመሰክርለታል። በዕድር ወይም በሰንበቴ ማኅበር ስም የተገዛ ካለ ደግሞ፣ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይዞ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን መወከል ይገባዋል፤ የማኅበር ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ የገባ እንደ ሆነ ሰውዬው ታማኝ ቢሆን እንኳ ከሐሜት አይድንምና።

ነገሩን በይደር ማቈየት ግን አይገባም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ልዩ ሕግ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ ከውል የሚመጣ መብት በ10 ዓመት ውስጥ ሊጠየቅ ይገባል። በ2003 ዓ.ም. የተገዛ የ5 ዓመት ቦንድ ጊዜው የደረሰው በ2008 ዓ.ም. ነበር፤ 10 ዓመት ሲቈጠርለት 2018 ዓ.ም. ይመጣል። ይህን ስንል መንግሥት የሕዝቡን ገንዘብ ጊዜው አለፈ ብሎ ይከለክላል ማለታችን አይደለም። አስተዋይ ሰው ግን በሕግ ሊያከራክር የሚችልን ነገር ለክርክር ሳያደርስ አስቀድሞ ይፈጽማል።

መዘግየት ሌላም ጉዳት አለው፤ ይህንንም በቍጥር ብናሳይ የተሻለ ነው። የቦንዱ ሽያጭ ሲጀመር ወለዱ በዓመት እስከ 5 ዓመት ለሆነው 5.5 በመቶ፣ ከ5 ዓመት በላይ ለሆነው 6 በመቶ ነበር። በ5.5 በመቶ 1,000 ብር በዓመት 55 ብር ይወልዳል፤ በ5 ዓመት 275 ብር ይሆናል። እንግዲህ በ2003 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 17 ብር ገደማ ስለ ነበረ 1,000 ብር 59 ዶላር ያህል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ዶላሩ ወደ 21 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ወጥቶ ነበርና፣ ጊዜው እንደ ደረሰ 1,275 ብሩን የተቀበለ ሰው ያገኘው እንደገና 59 ዶላር ያህል ነው። ይህ ሰው አላተረፈም፤ ነገር ግን አልከሰረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያን 1,275 ብር በሣጥን እንዳለ ያቈየው ሰው ዛሬ የሚቀበለው 13 ዶላር እንኳ አይሞላም። ገበሬ ዶላር አይዘራም፤ ዶላር አይበላም፤ ይሁን እንጂ የማዳበሪያውና የጨርቁ፣ የነዳጁም ዋጋ የሚከተለው ይህንን ነው። ቍጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ጕልበቱ ቀለጠ ማለት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የዓባይን ውኃ የምትጠጣው ግብፅ በ2007 ዓ.ም. መባቻ ላይ የስዊዝን ቦይ ለማስፋት ለሕዝቧ የ5 ዓመት የምስክር ወረቀት በ12 በመቶ ወለድ ሸጣ፣ በ8 ቀን 64 ቢሊዮን የግብፅ ፓውንድ ሰበሰበች። ዋናው ገንዘብ ከ5 ዓመት በኋላ ለገዢዎቹ ተመለሰ። በመካከሉ ግን የግብፅ ገንዘብ ዋጋው ወድቆ፣ አንድ ዶላር ከ7 ፓውንድ ወደ 16 ደርሶ ነበር። አሜሪካም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም የከፈለ ዜጋ ከ10 ዓመት በኋላ 25 ዶላር የሚቀበልበትን ቦንድ ሸጣለች። በዚያም ሀገር እስከ ዛሬ ድረስ በቁጠባ ቦንድ ወለድ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ግብር ይጠይቃል፤ ክፍላተ ሀገራቱ ግን አይጠይቁም። ለመንግሥት ያበደረ ሕዝብ በየትም ሀገር የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ገንዘቤ በቀኑ ይመለሳልን? ሲመለስስ ያንኑ ይገዛልኝን?

በባዕድ ሀገር ያሉ ልጆቻችንም የገዙት ቦንድ አለ፤ ስለዚህ አንድ ቃል እንጨምር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሚኖሩ ከ3,100 በላይ ሰዎች የሸጠው ቦንድ በዚያ ሀገር ሕግ ሳይመዘገብ የተሸጠ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ከአሜሪካ የሰነድ ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገዷል። ሀገርን መውደድ መልካም ቢሆንም ሥርዓቱን ካልጠበቁት ዋጋ ያስከፍላል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖች ከቦንድ የሚያገኙትን ወለድ በሚኖሩበት ሀገር ሕግ መሠረት ማስታወቅ እንዳለባቸው አይርሱ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ወለድ መቀበል ከአራጣ ይቈጠራልን? አራጣን ቅዱሳት መጻሕፍትም ፍትሐ ነገሥታችንም ይከለክላሉ። የሚከለክሉበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድኃው ልጁ በታመመበት፣ ወይም በሬው በሞተበት ቀን ወደ ባለጸጋ ሲሄድ፣ ባለጸጋው በችግሩ ገብቶ መሬቱንና ከብቱን እንዳይነጥቀው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህንኑ አስቦ አበዳሪ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋል ወስኗል። በገጠራችን በስውር የሚጠየቀው አራጣ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን የማያውቅ የለም። የቦንዱ ነገር ግን ከዚህ የተገለበጠ ነው። በዚህ አበዳሪዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ተበዳሪው መንግሥት ነው፤ የወለዱንም ልክ የወሰነው ተበዳሪው ራሱ ነው። ማንም አልተጨቈነበትም። የገንዘቡ ጕልበት በመካከሉ እንደ ቀለጠ ከላይ አይተናልና፣ ወለዱ ያንን በጥቂቱ ቢተካ እንጂ ትርፍ የሚባል አይደለም። ይህም ሆኖ ሕሊናው የማይፈቅድለት ሰው ከመጀመሪያው ከወለድ ነጻ የሆነውን ቦንድ መግዛት ይችል ነበር፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገዋል። ወለድ ያለበትን የገዛ ደግሞ ወለዱን ተቀብሎ ለነዳያን ቢሰጥ ማንም አይከለክለውም። ሕሊናን የሚያሳርፍ መንገድ ሳለ ገንዘቡን በሣጥን ማበስበስ ግን ጽድቅ አይሆንም።

ሦስተኛው ጥያቄ የግብር ነው። በዚህ ነገር የጎጃም ሰው የሚፈራበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም ሳያውቁ ገበሬውን አላዋቂ ማለት አይገባም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ገበሬው ሰብሉን የሚገምት ሹም ነገ ርስቱን የሚለካ ሹም ነው ብሎ አሰበ። ርስቱም ከአባት ከአያቱ የወረደ፣ ሰውነቱም ስሙም ነበር። ስለዚህ በብዙ የጎጃም ወረዳዎች ዐመፀ፤ የጦር ኃይል ተላከበት፤ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያንን ያዩ አዛውንት ለልጅ ልጆቻቸው የነገሩት ነገር እስከ ዛሬ በየቤቱ አለና፣ «ግብር» የሚል ቃል በባንክ መስኮት ሲሰማ ያ ሁሉ ይታወሳል።

በወለድ ላይ የሚጠየቀው ግብር ግን ከመሬት ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር ዐዋጅ ቍጥር 979 ወለድን በሠንጠረዥ «መ» ውስጥ አስገብቶታል። ዐዋጁ በወጣ ጊዜ እንደ ተደነገገው፣ በባንክና በመሰለው የገንዘብ ተቋም ከተቀመጠ ቁጠባ የሚገኝ ወለድ 5 በመቶ፣ ከሌላ የሚገኝ ወለድ 10 በመቶ ይጠየቅበት ነበር። ግብሩን አስቀርቶ ለመንግሥት የሚያስገባው ከፋዩ ተቋም ነው፤ ያም የመጨረሻ ግብር ነው። ስለዚህ ባለገንዘቡ ስለ ወለዱ ወደ ወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚመዘገብበት፣ መሬቱም የሚለካበት፣ ከብቱም የሚቈጠርበት ነገር የለም።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙን። ግብር የሚጠየቀው በወለዱ ላይ ብቻ ነው። ዋናው ገንዘብ ገቢ አይደለም፤ ያበደሩት የራስ ገንዘብ ሲመለስ ነው። ለጎረቤት አንድ ቁና ጤፍ ያበደረ ሰው ቁናውን ሲቀበል አተረፈ አይባልም፤ ይህም እንደዚያ ነው። በምሳሌው 1,000 ብር ዋናው፣ 275 ብር ወለዱ ነበር። 5 በመቶ ቢታሰብ ግብሩ 13 ብር ከ75 ሳንቲም ነው፤ 10 በመቶ ቢታሰብ 27 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በዐሥሩ በመቶ እንኳ ቢሆን 1,247 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀበላሉ ማለት ነው። ከሺሁ ብር ላይ ግብር ያስቀረ ጸሐፊ ቢገኝ ተሳስቷል፤ በትሕትና ግን በጽናት እንዲያርም ይጠየቅ። የተቀነሰም ነገር ካለ በየትኛው ሕግ፣ ስንት በመቶ፣ ከየትኛው ገንዘብ ላይ እንደ ተቀነሰ ጠይቃችሁ፣ ዋናው፣ ወለዱና ግብሩ ለየብቻ የተጻፈበትን ደረሰኝ ሳትይዙ ከመስኮቱ አትራቁ። ደረሰኝ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ግብርን በሕጉ ልክ መክፈል ከጌታችን ትምህርት የተቀበልነው ነው፤ ከልኩ በላይ የሚወስዱትንም መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ ለመጡት ቀራጮች ነግሯቸዋል። ስለዚህ ሕጉን ማወቅ ለከፋዩም ለሰብሳቢውም ከኃጢአት መዳኛ ነው።

ወደ ባንክ ስትሄዱ ልትይዙት የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ የቦንዱ ወረቀት ራሱ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ ወራሽ ከሆናችሁም የፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ ነው። ዛሬ ባንኮች የፋይዳ ቍጥር ስለሚጠይቁ ይህንንም አስቀድሞ ማውጣት ይበጃል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ለቈየበት ዘመን ወለድ የሚታሰብ መሆን አለመሆኑን በዚያው ጠይቁ። ገንዘቡንም ቢቻል በደብተራችሁ አስገቡ እንጂ በእጃችሁ ይዛችሁ አትጓዙ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ባንክ የተዘጋበት፣ ስልክና ኢንተርኔት የተቋረጠበት፣ መንገድም የተፈራበት ወራት ብዙ እንደ ነበረ ሁላችን ቀምሰነዋል። የከተማችን ስም የሰላም መንገድ ማለት ቢሆንም፣ ስሙና ኑሮው የተስማሙለት ሁልጊዜ አይደለም። ስለዚህ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ሰው ብቻውን አይምጣ፤ የገበያ ቀንን ጠብቆ ከጎረቤት ጋር ይምጣ፤ ስለ ገንዘቡም በመንገድ አያውራ። ወረቀቱን አምጣልኝና በግማሽ ዋጋ ልግዛህ፣ ወይም ቍጥሩን በስልክ ንገረኝና እኔ ልጨርስልህ የሚል ሰው ቢመጣ ከእርሱ ራቁ። ባንክ በስልክ የምስጢር ቍጥር አይጠይቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ለሀገር የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነውን? በየዘመኑ ቦንዳቸውን ለግድቡ ስጦታ አድርገው የመለሱ ሰዎች አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ስጦታ ግን ስጦታ የሚሆነው ከፈቃድ ሲወጣ ነው። በስብሰባ ስም እየተጠራ፣ ሰው እያየው «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ሰጠ አይባልም፤ አፈረ ይባላል። ያበደረ ደግሞ ከሰጠ ሰው አያንስም፤ በጭንቅ ቀን ገንዘቡን አውጥቶ ዓመታት ታግሧልና። እኒያ የቡሬ እናት በዚህ ገንዘብ ለልጃቸው ደብተርና የደንብ ልብስ ቢገዙበት፣ ለባለቤታቸውም ተዝካር አንድ ቍና እህል ቢጨምሩበት፣ ግድቡ አይጐድልም፤ ሀገርም አይቀየማቸውም። ይልቁንም ያልተነካ ሀብት ያለው ሰው የራሱን ይተው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ግን ማንም «ተይው» አይበላት።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቶቹም ጥቂት ቃል አለን። ቦንዱ ሲሸጥ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየገበያው ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር፤ ሻጩ ወደ ገበሬው ደጅ መጥቶ ነበር። ሲመለስ ግን ገበሬው ሙሉ ቀን ተጕዞ «ነገ ና» የሚባል ከሆነ፣ የሚጐዳው አንድ ገበሬ ብቻ አይደለም። ይህች ሀገር ገና ብዙ የምትሠራው አላት፤ ነገም ወደ ሕዝቧ መጥታ አበድሩኝ ማለቷ አይቀርም። በዚያን ቀን ሕዝቡ የሚያስታውሰው ስለ ግድቡ የተነገረውን ንግግር ሳይሆን፣ ወረቀቱን ይዞ በመስኮቱ ፊት በቆመ ጊዜ የተቀበለውን መልስ ነው። ደግሞም በግሽ ዙሪያ፣ በሰከላና በጃቢ ጠህናን ገጠር ዛሬም በኩራዝ የሚያጠና ልጅ አለና፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በመብራትም እንዳይደገም ማሰብ የአደራው ሌላ ክፍል ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበ አባወራና እመቤት በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀቱን ይመልከት። ስጦታ እንደ ሆነ አመስግኖ ያስቀምጠው፤ ልጆቹም አባታቸው ለግድቡ ምን እንደ ሰጠ ይወቁ። ቦንድ እንደ ሆነ ግን ቀኑን ያንብብ፣ ሒሳቡን በልጁ እጅ ያስጽፍ፣ ወራሾችን ይሰብስብ፣ ወደ ባንኩም ይሂድ። ግብሩን በልኩ ይክፈል፤ ቀሪውን በምስጋና ይቀበል። ጎረቤቱ ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ ደግሞ የእርሱንም ወረቀት ያንብብለት፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚጠብቅ አደራ በብዙ ቤት አለና። አደራ ተቀባዮችን ሁሉ እግዚአብሔር የታመኑ ያድርግልን፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።